የቀዩ ሳሙና ደንበኞች

ወንበሬን ከሱቅ ያወጣኋት ካቻምና ግንቦት ነው። ለጎረቤቴ ለልብስ ሰፊው ሰጠኋትና ቆሜ መሸጥ ለወገቤ ይሻላል አልኩት። ውሸቴን ነው። መቀመጥ አቅቶኝ ነው። ብልቴን ያሳክከኛል። ይኸው፣ አሁን በቀላሉ ጻፍኩት፤ ያኔ ግን ይህችን ቃል ከአፌ ለማውጣት አንድ ዓመት ከመንፈቅ ፈጅቶብኛል።

ዚነት እባላለሁ። ቦንጋ ገበያው አጠገብ ጨርቅና ሳሙና እሸጣለሁ። ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ አራት ወልጃለሁ። ምላሷ ረጅም ነው ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው፤ ባጃጅ ነጂ ቢያመናጭቀኝ ሰፈሩ የሚሰማው የእኔን ድምፅ ነው። በዚህ ነገር ግን ዲዳ ሆንኩ።

መጀመሪያ ማሳከክ ብቻ ነበር። ቀጥሎ ቆዳው መንጣት ጀመረ። በር ቆልፌ በእጅ መስታወት ሳየው ያ የማውቀው ቦታ የለም። ነጭ፣ የሳሳ፣ እንደ ነጭ ሽንኩርት ልጣጭ የተጨማደደ ነገር ነው፤ ጠርዙም ተሰነጣጥቋል። ለምጽ ነው አልኩ። በማግስቱ ደግሞ ካንሰር ነው አልኩ፤ አክስቴ በማህፀን ካንሰር ነው የሞተችው። ከዚያ ወዲህ ልቤ አንድ ቦታ አልረጋ አለ። ጨርቅ ስለካ እሳሳታለሁ፣ ደንበኛ እያናገርኩ ካንዱ እግሬ ወደ ሌላው እላለሁ፣ ጓዳ ገብቼ አክኬ እመለሳለሁ።

ቆሻሻ ነው ብዬም ታጠብኩ። ጀርም ይገድላል የሚባለው ቀይ ሳሙና ከመደርደሪያዬ አይጠፋም። ነጃሳ ይዤ ለሶላት አልቆምም ብዬ ከየውዱኡ ትጥበት በፊት በእሱ እፈትገው ነበር፤ በቀን አምስት ጊዜ። ባቃጠለኝ ቁጥር እየሠራ ነው እላለሁ። ይህን ሳሙና ከእኔ እኩል የሚጨርሱት እትዬ ዙፋን ብቻ ናቸው፤ የሟቹ ዳኛ የጋሽ ሀብተሥላሴ ባለቤት፣ ስድሳ አምስት የሚሆናቸው፣ ነጠላቸው እድፍ የማያውቅ። ንጽሕና ይወዳሉ እያልኩ ሁለት ሁለት እጠቀልልላቸው ነበር።

ሐኪም ቤት አልሄደችም እንዳትሉኝ። አንድ የግል ክሊኒክ ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ። ምንሽን ነው ሲሉኝ ሽንቴን ያቃጥለኛል አልኩ። ሽንቴን መረመሩ፤ ክኒን ሰጡኝ። ምን ያድርጉ፣ ያላሳየኋቸውን ከየት ያዩታል? ባለቤቴ ጃፈር ሲጠጋኝ ስለሚያመኝ ወደ ግድግዳው እዞራለሁ፤ ምክንያቱን ግን አልነግረውም። አንድ ቀን ቁርስ ላይ "ጠልተሽኝ እንደሆነ ንገሪኝ" አለኝና ሻዩን ሳይጨርስ ወጣ። አለቀስኩ። ከዚያም በራሴ ተናደድኩ።

በማግስቱ ዋጫ ወደምትባለው ከተማ ሄድኩ። ቦንጋ ውስጥ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ደንበኛዬ ነው፤ ዋጫ ግን ማንም አያውቀኝም። ሚኒባሱ ውስጥ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ ስገላበጥ፣ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ቁንጫ ያለብኝ መስሎት ሸሸኝ። ጤና ጣቢያው ውስጥ ተራዬ ደርሶ በሩን ብከፍት፣ ጠረጴዛው ኋላ ያለችው ሲስተር አስካለማርያም ናት፤ ቦንጋ ሳለች ለልጇ ክርስትና ጨርቅ የቆረጥኩላት አዋላጅ። ለካ ተዛውራ ኖሯል። ምን እግር ጣለዎት አለችኝ። ልመለስ በሩን ያዝኩ። ግን ያን ሁሉ መንገድ እንደገና ልቀመጥ ነው።

"ብልቴ ነጥቷል" አልኳት። "ካንሰር ከሆነ አትደብቂኝ።"

አልደነገጠችም። ጓንት አጠለቀች፤ መብራት አስጠግታ አየችኝ። ለምጽ እንደማይመስላት፣ ለባል እንደማይተላለፍ፣ ከቆሻሻም እንዳልመጣ ነገረችኝ። ቆዳው የሚነጣበትና የሚሳሳበት በሽታ አለ አለች፤ በተለይ የወር አበባ የቆመባቸውን ሴቶች ይይዛል፤ ካልታከመ የቦታውን ቅርጽ ያጠፋል፤ ጥቂቶቹ ላይ ወደ ካንሰር ሊሄድ ስለሚችል ክትትሉ አይቋረጥም። የሚቀባ መድኃኒት አለው። መጀመሪያ ግን የማህፀን ሐኪም ይየው ብላ ወረቀት ጻፈችልኝ፤ ወደ ቦንጋ። ሳቄ መጣ። ከዚያ በምን እንደምታጠብ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

"እትዬ ዚነት፣ ቆዳዎን በገዛ እጅዎ እየላጡት ነው። ንጹሕ ውኃ ይበቃዋል።"

የቦንጋው ሐኪም ትንሽ ቆዳ ቆርጦ ለምርመራ ላከ። ውጤቱ እስኪመጣ ሦስት ሳምንት እንቅልፍ አልነበረኝም። ካንሰር አልሆነም፤ አልሐምዱሊላህ። ቅባቱን ጀመርኩ። ንጣቱ ሙሉ በሙሉ አልሄደም፤ ማሳከኩ ግን ረገበ፤ በየስድስት ወሩም እታያለሁ። ለጃፈር ሁሉን ነገርኩት። "ይህን ሁሉ ጊዜ ብቻሽን?" አለኝ። ወንበሬንም ከልብስ ሰፊው አስመለስኩ።

ባለፈው ማክሰኞ እትዬ ዙፋን መጡ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሁለት ቀይ ሳሙና አሉኝ። ሳሙና ሲገዙ ለምን ድምፃቸውን ዝቅ እንደሚያደርጉ አስቤ አላውቅም ነበር። ድሮም ወንበር ሳቀርብላቸው ተቀምጠው አያውቁም። እጄ መደርደሪያው ላይ ቀረ።

"እትዬ ዙፋን፣ ቢቆጡኝም ይቆጡኝ" አልኳቸው። "ብልትዎን ያሳክክዎታል?"

ፊታቸው ቀላ። ወደ በሩ ዞሩ፤ የሚወጡ መሰለኝ። የሱቁን መጋረጃ ግን ሳቡት።

"ሰባት ዓመቴ" አሉ። "ጋሽ ሀብተሥላሴ ጠላችኝ እንዳሉ ነው የሞቱት።"

ወንበሬን ጎተትኩላቸው። አልተቀመጡም፤ እኔም አብሬያቸው ቆምኩ።