የአባባ አውራ ጣትና የሞተር ዘይት

እኔ ማንጠግቦሽ ሰቆጣ ውስጥ ከአባቴ ከአያ ምሳው ጋር ማር እነግዳለሁ። አባባ ማርን በዓይን ብቻ አያምኑም። በአውራ ጣትና በሌባ ጣታቸው መሀል አሽተው፣ ሳብ አድርገው ይፈርዳሉ። ከወፈረ ደህና ነው። ከቀጠነ «ውሃ ገብቶበታል» ይላሉ፤ ባለማሩም ማሩን ተሸክሞ ይመለሳል እንጂ አይከራከርም።

ታዲያ ከአምደወርቅ ማር የምታመላልስልን አዲሷ ፒካፕ ዘይት መቀየሪያዋ ደረሰ። መኪናዋ ገና ዋስትና ላይ ናት። ከመመሪያው ውጭ የሆነ ዘይት ገብቶባት ሞተሯ ነክሶ ቢቆም የሸጠልን ድርጅት «የራሳችሁ ጉዳይ» ሊለን ነው። እሷ ከቆመች እኛም ቆምን።

ዘይት ልንገዛ ስንሄድ ባለሱቁ ለማየት ያህል ከሁለት ዓይነት ዘይት በትንንሽ ጠርሙስ ቀዳልን። አባባ ሁለቱንም አሿቸው።

«ይሄ የተበረዘ ነው። ወፍራሙን ግዙ» አሉ።

ሾፌራችን ይሄይስ የመኪናዋን መመሪያ ገለጠ። «አያ ምሳው፣ መጽሐፏ የሚለው አምስት ደብልዩ ሠላሳ የሚል ቁጥር ያለውን ዘይት ነው። እሱ ደግሞ ይሄ የናቁት ቀጭኑ ነው።»

«መጽሐፉን የጻፈው ሰው ማር ነግዶ ያውቃል?»

ይሄይስ መጽሐፉን ከደነ። እኔን ግን ነገሩ ከነከነኝ። ፋብሪካው የገዛ ሞተሩን ለምን ያስገድላል? የአባባ ጣትስ መቼ ተሳስቶ ያውቃል? እኔ ደግሞ ያልገባኝን ነገር ትቼ መሄድ አልችልበትም፤ እናቴ በዚህ ስትመረር ነው የኖረችው።

አባባ የሚያጠራጥር ማር ሲገጥማቸው ደጅ አሳድረው በጠዋቱ ብርድ ነው የሚያዩት። «ዘይቱንስ ብናሳድረው?» አልኳቸው። ይሄይስ ሳቀብኝ። እሳቸው ግን የገዛ ልማዳቸው ስለሆነ እምቢ ማለት አልሆነላቸውም።

በማግስቱ ማለዳ አባባ ጠርሙሶቹን ከደጃችን የድንጋይ ካብ ላይ አንስተው አዘነበሏቸው። ቀጭኑ ወዲያው ወረደ። ወፍራሙ አንገቱ ጋ ደርሶ እየተጎተተ ቀረ። አባባ ደጋግመው አዩት።

«ይሄይስ፣ መኪናይቱ አድራ ስትነሳ ዘይቷ የት ነው ያለው?»

«ታች ወርዶ ተኝቷል፣ አያ። ቁልፍ ሲዞር ቶሎ ላይ ካልደረሰ ብረት ከብረት ይፋተጋል።»

«ወፍራሙ ይዘገያል በለኛ።»

«ይዘገያል።»

«ስትሞቅስ? ቀጭኑ አያንሳትም?»

«ለሱ እንዲስማማት አድርገው ነው የሠሯት። ሌላዋ መኪና ወፍራሙን ትፈልግ ይሆናል። መጽሐፏን የምናየው ለዚህ ነው።»

አባባ አውራ ጣታቸውን ትክ ብለው አዩ። ስንቱ ገበያተኛ ያመነው ጣት ነው። በእኔ ጥያቄ ሰው ፊት ያሳፈርኳቸው መሰለኝ።

«ቀጭኑን ግዙ። የታሸገውን ግን፤ ደረሰኙንም ያዙ» አሉ። ከዚያ ጥምጥማቸውን ነካ አድርገው ፈገግ አሉ። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባል የለ።»

መመሪያውን ከይሄይስ ተቀበሉ። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ስለሆነ አንዱንም ቃል አያውቁትም። ገጹን እንደ ማሩ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

«የቱ ጋ ነው እንዲህ የሚለው?»

ይሄይስ ጣታቸውን ይዞ ቁጥሩ ላይ አሳረፈው። ጥቂት እዚያው አቆዩትና መጽሐፉን ወደ መጀመሪያው ገጽ መልሰው ካቡ ላይ ተቀመጡ።

«እስኪ ከዚህ ጀምረህ እየተረጎምክ አንብብልኝ» አሉት።