ፊታቸውን ወደ ግድግዳ

በሙዚየሙ በር ላይ የተሰቀለው ጨርቅ «የተረሳችው ሠዓሊ፦ የሶላንዥ ኬርቬላ የዕድሜ ልክ ሥራዎች» ይላል። ማዳም ሶላንዥ ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው። ቆመው ሲያነቡት እንኳ ሁለት አሣ ሻጮች በስማቸው ጠርተው ሰላም ብለዋቸዋል። በዚህ የፈረንሳይ ብሬታኝ የወደብ ከተማ እሳቸውን የረሳ ሰው ቢፈለግ ከፓሪስ ማስመጣት ያስፈልጋል። ሙዚየሙም ይህንኑ አደረገና ዴላሩ የተባለ የዐውደ ርእይ አዘጋጅ አስመጣ።

ዴላሩ ክፉ ሰው አልነበረም፤ የተማረ ብቻ ነበር። ማዳም ሶላንዥ ሠላሳ ዓመት ለከተማው ሰርዲን ማሸጊያ ፋብሪካ የሣሏቸውን የቆርቆሮ ክዳኖች ወደ መፀዳጃ ቤቱ በሚወስደው መተላለፊያ ሰቀለ። ሰባት የዘይት ቀለም ሥዕሎቻቸውን ግን በትልቁ አዳራሽ ሰቀለ። ሰባቱም የሰርዲን ማሸጊያው ሴቶች ናቸው። ማዳም ሶላንዥ ሥዕሎቹን ሲያውሱ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከእያንዳንዱ ሥር የሴቲቱ ስም ይጻፍ። ስሙ ከሸራው ጀርባ በጥቁር ቀለም ሰፍሯል፤ ወደ ካርድ መገልበጥ ብቻ ነው። ዴላሩም እሺ አለ።

መክፈቻው በነበረበት ቅዳሜ ጠዋት ከጓደኛቸው ከአርሜል ጋር ሊያዩ ገቡ። አርሜል ከሰባቱ አንዷ ናቸው። ከገዛ ሥዕላቸው ሥር መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ፦ «ያልታወቀች ሠራተኛ»። የሰባቱም እንደዚያው ነው።

«ባሌ ይህን ሳይሰማ መሞቱ፣» አሉ አርሜል። «አርባ ዓመት ሙሉ ያወቀኝ መስሎት ነበር።»

ዴላሩ ተጠርቶ መጣና በትሕትና አስረዳ። ስም ዓይን ይበትናል፤ የፓሪስ ሐያስያን ምሥጢር ይወዳሉ፤ «ያልታወቀች» ስትባል ሴቲቱ የሰው ልጅ ሁሉ ትሆናለች። አርሜል የሰው ልጅ ሁሉ ለመሆን ጊዜ እንደሌላቸው፣ ጉልበታቸውንም እንደሚያማቸው ነገሩት። ማዳም ሶላንዥ በምርኩዛቸው ተደግፈው ፈገግ አሉ። ፈገግታቸውን የሚያውቅ ሰው ቢሆን ኮፍያውን አንሥቶ በወጣ ነበር፤ ዴላሩ ግን የተስማሙ መሰለው።

እኩለ ቀን ላይ ሙዚየሙ ተዘጋ። በዚህ አገር ሰማይ ቢደፋ እንኳ ምሳ ምሳ ነው። ዴላሩ ከከንቲባው ጋር ምግብ ቤት ገባ፤ ዘበኛውም ሾርባው እንዳይቀዘቅዝበት ቁልፉን ለአክስቱ ለአርሜል ሰጥቶ ፈተለከ።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ለመክፈቻው የተጠሩት እንግዶች የወይን ብርጭቋቸውን እንደያዙ ሲገቡ ግድግዳው ላይ የቀሩት ካርዶቹ ብቻ ናቸው። ሰባቱ ሥዕሎች ወርደው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተደግፈዋል። የሚታየው አሮጌ ሸራና በላዩ የተጻፈ ስም ብቻ ነው። ከስሞቹ አጠገብ በሕይወት ያሉት አምስቱ ሴቶች የእሑድ ልብሳቸውን ለብሰው ቆመዋል። ለሞቱት ሁለቱ ወንበር ተቀምጦላቸዋል።

ዴላሩ ቲማቲም መሰለ። እንግዶቹ የመጡት ሥዕል ሊያዩ መሆኑን በሹክሹክታ ተናገረ።

«ይዩ እንጂ፣ ማን ከለከላቸው?» አሉ ማዳም ሶላንዥ። «ግን ሰው ቤት ሲገባ መጀመሪያ ሰላምታ ነው።»

«ማዳም፣ ሥዕሎቹ አሁን በሙዚየሙ ኃላፊነት ሥር ናቸው።»

«እንግዲያው ኃላፊነትዎን ይወጡ፣ ሙሴ ዴላሩ። እኔ ስድሳ ዓመት ተረስቼ ኖሬያለሁ፤ ምሳዬንም በልቻለሁ። አልቸኩልም።»

ዴላሩ ወደ ከንቲባው ዞረ። ከንቲባው ወደ መስኮቱ ዞረ፤ አምስቱም ሴቶች መራጮቹ ናቸው።

በመጨረሻ ዴላሩ «ያልታወቀች» የሚለውን የመጀመሪያውን ካርድ ነቀለ፣ እስክሪብቶ አወጣ፣ ስሙን ከሸራው ሊገለብጥ አጎነበሰ። የማዳም ሶላንዥ ምርኩዝ መሐል ገባች።

«የስሙ ባለቤት እዚህ ቆማ ሳለች ከጨርቅ ላይ ያነባሉ? ይጠይቋት።»

ዴላሩ ቀና ብሎ ከሥዕሉ አጠገብ ወደቆሙት ወደ አርሜል ዞረ። «ማን ልበል፣ ማዳም?» አለ ቀስ ብሎ።

አርሜል እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አደረጉ። «ጮክ በል፣ ልጄ። ያልታወቀ ሰው ጆሮው ከባድ ነው።»