በታት ኒካኖር እርምጃ

በኮሮሳል መንደር አንድ ሰው የገባውን ቃል ሲበላ፣ ወይም አመለጠኝ የሚለው ዓሣ በየቀኑ ሲረዝምበት፣ «ይሄማ የኒካኖር ድንጋይ ነው» ይሉታል። አባባሉ ሲወጣ ባለቤቱ በሕይወት ነበሩ። ጆሯቸውም ደህና ነበር። የከዳቸው ዓይናቸው ብቻ ነው።

ታት ኒካኖር ፔኛቴ («ታት» በእኛ «አባባ» ማለት ነው) ሠላሳ ዓመት ሙሉ የታችኛው ፍርስራሽ ዘበኛ ነበሩ። አያቶቻችን የሠሩት ከተማ ነው፤ ከመንደራችን ወንዙን ተከትሎ ቁልቁል በሞተር ጀልባ ሦስት ሰዓት ያስኬዳል። የመኪና መንገድ አይደርሰውም። ጎብኚዎች ወደ ትልልቆቹ ፍርስራሾች ስለሚሄዱ እሱን የሚያየው ጦጣና ዘበኛ ነው። በእሳቸው ጊዜ ግን መጋዝ የያዙ ሌቦች በጀልባ እየመጡ፣ የተቀረጸውን ምስል ከድንጋዩ ላይ እንደ ቆዳ ገፈው ይወስዱ ነበር። ዘበኞቹ ሁለት ነበሩ፤ ታት ኒካኖርና ክሬሴንስዮ የሚባል ጓደኛቸው። ለሁለት አንድ አሮጌ ጠመንጃ ነበራቸው።

አንድ ቀን ሁለቱ ጫካ ውስጥ ሰው የሚያክል፣ ምስሉ ምንም ያልተነካ ድንጋይ አገኙ። ተሸክመው አይወስዱት ነገር ከባድ ነው፤ ትተውት አይሄዱ ነገር ሌቦቹ ቅርብ ናቸው። ጉድጓድ ቆፍረው፣ በምስሉ በኩል ደፍተው ቀበሩት። ለሚስቶቻቸው እንኳ ትንፍሽ አላሉም።

ክሬሴንስዮ ከሁለት ዓመት በፊት ሞቱ። ያን ጊዜ ታት ኒካኖር ምስጢሩን በየበጋው ለጥናት ለምትመጣው ለዶክተር ኦፌልያ ነገሯት። «ከትልቁ ደረጃ ግርጌ ጀርባሽን ለደረጃው ሰጥተሽ፣ ቀጥ ብለሽ መቶ አርባ እርምጃ። ትልቅ የሴይባ ዛፍ ታገኛለሽ። ከሥሩ ነው» አሏት። ኦፌልያ ሁለት ጊዜ ሄደች። ሁለቱንም ጊዜ የወሰድኳት እኔ ነኝ፤ ሚካኤላ አርኮስ እባላለሁ፣ ባሌ ከሞተ ወዲህ ጀልባውን የምነዳው እኔ ነኝ። ሴይባም አላገኘን፣ ድንጋይም አላገኘን። ባዶ እጃችንን ተመለስን። አባባሉም የወጣው ያኔ ነው።

ባለፈው ሚያዝያ ኦፌልያ ወደ ከተማ ልትመለስ ሁለት ቀን ሲቀራት፣ ጀልባዬን ሳጥብ ታት ኒካኖር በትራቸውን እየተደገፉ ወደ ወንዙ ዳር ወረዱ። የታጠበ ሸሚዝ ለብሰዋል። ልጃቸው ሩፊና ከኋላ ከኋላ ትከተላለች።

«ሚካኤላ፣ ለነገ ጀልባሽ ላይ ቦታ አለ?»

«ለማን ነው፣ ታት?»

«ለማን ይሆናል? ለኔ ነዋ!»

ሩፊና እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጫነች። «እዩልኝ እንግዲህ! ትናንት ጓሮ ሲወጡ የዶሮውን ቆጥ ገጭተው ወደቁ። ዛሬ ደግሞ ጫካ ልግባ ይላሉ!»

«ቆጡን ማን አንሺ አለሽ? ከቦታው ያነሳሽው አንቺ ነሽ። ከተማውን ግን እስካሁን ያነሳው የለም።»

ኦፌልያም ጩኸቱን ሰምታ መጣች። የዋህ ሴት ናት፤ ክፉ መናገር አይሆንላትም። እባቡን፣ ሙቀቱን፣ የእሳቸውን ሰማንያ አንድ ዓመት አንድ በአንድ ዘረዘረችላቸው። ታት ኒካኖር እስክትጨርስ አዳመጧት።

«አንቺ ዶክተር» አሏት ቀስ ብለው፣ «ሁለት ጊዜ በዓይንሽ ፈልገሽ አጣሽው። አንዴ ደግሞ ያለ ዓይን እንፈልገው። ካጣነው አፌን እዘጋለሁ። ካልወሰዳችሁኝ ግን እዋኛለሁ።»

«ይዋኛሉ» አለች ሩፊና ተስፋ በቆረጠ ድምፅ። «አባቴን አውቃቸዋለሁ።»

በማግስቱ ገና ጉሙ ከወንዙ ላይ ሳይነሳ ወጣን። ሩፊና በቆሎ ሊጥ በሙዝ ቅጠል ጠቅልላ ሰጠችን፤ በውሃ በጥብጠን የምንጠጣው ፖሶል ነው። ታት ኒካኖርን ፊት አስቀመጥናቸው። ኮፍያቸውን አውልቀው ፊታቸውን ለንፋሱ ሰጡ። በግራ በቀኝ ጦጣዎቹ እንደ አንበሳ ያጓራሉ። አሸዋው ላይ የተኛ አዞ ሞተሩን ሲሰማ ተንሸራቶ ገባ።

ሁለት ሰዓት ያህል ከሄድን በኋላ ወንዙ በድንጋዮች መካከል እየተንደረደረ የሚወርድበት ቦታ ደረስን። በበጋ ውሃው ስለሚያንስ ድንጋዮቹ ጥርሳቸውን ያወጣሉ። እኔ ሁልጊዜ በቀኝ በኩል ነው የማልፈው።

«በግራ ያዢ!» አሉ ታት ኒካኖር። «ድምፁን ስሚ። በግራ ውሃው ወፍራም ነው።»

«በቀኝ ነው፣ ታት።»

«ልጄ፣ አንቺ ሳትወለጂ እዚህ ወንዝ ላይ መቅዘፊያ ሰብሬያለሁ። በግራ!»

አፈርኩ መሰለኝ፣ በግራ ያዝኩ። ጀልባዋ ሃያ ክንድ እንኳ ሳትሄድ ከሥር ቋ! አለች፤ ሞተሩ ጮኸ፣ ውሃው ግን አልተገፋም። ውሃውን የሚገፋውን ፕሮፔለር የያዘችው ትንሽ ብረት፣ ፒኗ፣ ተሰብራ ነበር። ጀልባዋ ዞረች፣ በጎኗ ወረደች፣ ኦፌልያ አንዱን መቅዘፊያ እኔ ሌላውን ይዘን እየታገልን አሸዋ ላይ ወጣን። ሁላችንም እስከ ወገባችን ረጥበናል።

እኔ ሚስማር ፈልጌ ቆረጥኩና በፒኗ ምትክ አስገባሁ። እጄ ይሠራል፣ ልቤ ግን ሌላ ነገር ያስባል፤ ወንዙን ከተሳሳቱ ድንጋዩንስ? ኦፌልያም ያንኑ እያሰበች እንደነበር ከፊቷ አየሁ።

«ወንዙ ተለውጧል» አሉ ታት ኒካኖር በመጨረሻ። «ጥፋቱ የኔ ነው። ከዚህ በኋላ ስለ ውሃ አልናገርም። አሁን እንሂድ።»

«እንመለስ ቢባልስ?» አለች ኦፌልያ ቀስ ብላ።

«ሚስማሩ ገባ አይደል?»

«ገብቷል» አልኩ።

«ታዲያ ወደ ኋላ የምንሄደው ለምንድን ነው?»

ሄድን። ፍርስራሹ ስንደርስ ከረፋዱ አራት ተኩል ሆኗል። ታት ኒካኖር ግራ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አድርገው፣ ገጀራዬ ቅርንጫፍ ሲቆርጥ እየጠበቁ ዳገቱን ወጡ። ሁለት ጊዜ ተሰናከሉ፤ ሁለት ጊዜም «ምንም አይደል» አሉ። ትልቁ ደረጃ ጋ ስንደርስ በጉልበታቸው ተንበርክከው የመጨረሻውን እርከን ጥግ በጣታቸው ዳሰሱ። ፊታቸው ሲፈታ አየሁ።

«ይኸው። ከዚህ ነው።»

ጀርባቸውን ለደረጃው ሰጡ። እኔ ፊት ፊት እየመነጠርኩ፣ እሳቸው ጮክ ብለው እየቆጠሩ ሄድን። መቶ አርባ ሲሉ ቆሙ። ኦፌልያ ቀጭን የብረት ዘንጓን መሬት ውስጥ ሰካች። ሥር። አንድ ክንድ ራቅ ብላ ሰካች። አፈር። ከአንድ ሰዓት በላይ ዙሪያውን ወጋነው፤ ከሥርና ከአፈር በቀር የተገኘ የለም። ሴይባም የለም።

ኦፌልያ ሰዓቷን አየች። ወንዙ ሳይጨልም እንድንገባ ከስምንት ሰዓት ማለፍ አልነበረብንም።

«ታት ኒካኖር» አለች፣ «ምናልባት...»

«ምናልባት አትበዪኝ! ቆፍሩ!»

«የት እንቆፍር?»

የወደቀ ግንድ ላይ አስቀመጥኳቸው። ፖሶሉን በጥብጬ ሰጠኋቸው፤ ጽዋውን በሁለት እጃቸው ይዘው ሳይጠጡ ቀሩ። ያን ጊዜ ነው ዓይኔ መሬቱ ላይ ያረፈው። በመጣንበት መንገድ አፈሩ እርጥብ ነው፤ ዱካችን ጎን ለጎን ታትሟል። እኔ አንዴ ስራመድ እሳቸው ሁለቴ ተራምደዋል። እግራቸውን እየጎተቱ ነበርና።

እንዴት እንደምነግራቸው ቸገረኝ። እንደ ምንም ብዬ «ታት» አልኩ፣ «ያኔ ሲቀብሩት ስንት ዓመትዎ ነበር?»

«ሠላሳ ስድስት።»

«የሠላሳ ስድስት ዓመት እግር እንዲህ ነበር የሚራመደው?»

«እርምጃህ አጠረ ልትይኝ ነው?» ብለው ተቆጡ። ቁጣው ግን ሳይጨርሱት ከአፋቸው ላይ ጠፋ። በበትራቸው ከፊታቸው ያለውን መሬት ለኩ። ወዲያው ከት ብለው ሳቁ። «አጥሯል እንጂ! የዶሮ እርምጃ ሆኗል!»

«እኔም በራሴ እርምጃ ነበር የቆጠርኩት» አለች ኦፌልያ፤ ቁመቷ ከትከሻዬ አይበልጥም። «ግን የድሮውን እርምጃዎን አሁን ከየት እናመጣዋለን?»

ታት ኒካኖር አሰቡ።

«ረጅሙ ቤት ቆሟል? አደባባዩ ላይ ያለው፣ ብዙ በር ያለው?»

«ቆሟል።»

«ፊት ለፊቱን ከጥግ እስከ ጥግ ጠዋት ጠዋት እራመደው ነበር። ሃምሳ ሁለት እርምጃ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሃምሳ ሁለት። ክሬሴንስዮ ሃምሳ አምስት ነው እያለ ያጨቃጭቀኝ ነበር፤ አጭር ስለነበረ ነው።»

ኦፌልያ ንግግራቸውን አላስጨረሰችም። ሜትሯን ይዛ ሮጠች። ዶክተር እንደዚያ ስትሮጥ አይቼ አላውቅም። ተመልሳ ስትመጣ ፊቷ ላብ በላብ ሆኗል። «ሠላሳ ዘጠኝ ሜትር! ለሃምሳ ሁለት ሲካፈል ሰባ አምስት ሴንቲ ሜትር ነው። መቶ አርባው እርምጃ መቶ አምስት ሜትር ይሆናል። ስመለስ ለካሁት፤ እኛ ያለነው ስልሳ ሜትሩን ብዙም ሳናልፍ ነው!»

ገጀራዬን አነሳሁ። ከዚያ ወዲያ ያለው ጫካ ከመጀመሪያው የባሰ ነበር፤ እሾሁ እጄን ቦጫጨረው። ከኋላዬ ኦፌልያ ሜትሩን እየዘረጋች፣ ታት ኒካኖር ቀበቶዋን ይዘው ይከተላሉ። መቶ አንድ፣ መቶ ሦስት። መቶ አምስት ላይ እግሬ ወደ ታች ሰመጠ። ቅጠል የሞላበት ሰፊ ጎድጓዳ ነው። ከሥሩ የበሰበሰ እንጨት እንደ ዳቦ ፍርፋሪ ይፈረፈራል።

«ጉድጓድ ነው፣ ታት። ትልቅ ዛፍ ተነቅሎ የወደቀበት ይመስላል።»

«ሴይባዬ ሞታለች ማለት ነው» አሉና ኮፍያቸውን አወለቁ።

ዘንጉ ለአራተኛ ጊዜ ሲሰካ ቃ! አለ። የሥር ድምፅ አልነበረም። ሁለታችን በእጃችንና በትንሿ አካፋ አፈሩን ገፈፍነው። ጠፍጣፋ፣ ምንም ያልተጻፈበት የድንጋይ ጀርባ ወጣ። ኦፌልያ ጠርዙን ተከትላ ጠራረገች። በሰው እጅ ተጠርቦ ቀጥ ያለ ጠርዝ ነው። በደረቷ ተኝታ ከጠርዙ በታች በጣቶቿ አፈሩን ቀስ እያለች አወጣች፤ ከዚያ እጇን እስከ ክንዷ አስገባችና እንደዚያው ቀረች።

«ዶክተር?» አልኩ።

«ታት ኒካኖርን አምጪልኝ» አለች።

አጠገቧ አስተኛኋቸው። ሽማግሌው በንጹሕ ሸሚዛቸው ጭቃው ላይ ተኝተው እጃቸውን ወደ ጨለማው ሰደዱ። ከዚያ ከንፈራቸው መቁጠር ጀመረ።

«የሴትዮዋ የራስ ጌጥ ነው። ላባዎቹ። አንድ፣ ሁለት...» ቆሙ። «ሦስተኛው ጫፉ ተሰብሯል። እኛ ነን የሰበርነው፣ ዶክተር። ስንደፋው ከእጃችን አምልጦ ወደቀ። ክሬሴንስዮ አለቀሰ። ለማንም ያልነገርነው ሌባ ፈርተን ብቻ አይደለም፤ አፍረንም ነው።»

ኦፌልያ በጭቃ እጇ እጃቸውን ያዘች። «ሌቦቹ ቢያገኙት ላባ አይደለም፣ ፊት አይተርፋትም ነበር» አለቻቸው።

እሳቸው አንገታቸውን ነቀነቁ። ዓይናቸው ማየቱን ቢተውም ማልቀሱን አልተወም ነበር።

ድንጋዩን ያን ቀን ማንሳት አልቻልንም። ኦፌልያ ፎቶግራፍ አንስታ፣ ቦታውን መዝግባ፣ መልሰን እንድንቀብረው ጠየቀችን። ታት ኒካኖር ይህን ሲሰሙ «መቅበሩን ለኔ ተዉት፣ ልምድ አለኝ» ብለው አፈሩን በእጃቸው መለሱ። ሽቅብ ስንመለስ ድንጋዮቹ ጋ በየትኛው በኩል እንደምሄድ አልጠየቁኝም። በለመድኩት በኩል ወጣሁ፤ የመንደሩ መብራት ሳይበራ ገባን።

ኦፌልያ ወደ ከተማ መመለሷን ተወች። ዝናቡ ከመግባቱ በፊት በግንቦት፣ አሥር ሰው ሆነን፣ ገመድና እንጨት ይዘን ወረድን። ድንጋዩ ቀና ሲል አንዲት ሴት ተንበርክካ፣ ጥቅል ነገር አቅፋ ወጣች። ሁሉም ሊያያት ተጠጋ። ታት ኒካኖር «ንገሩኝ እንጂ!» ብለው ጮኹ። ያየሁትን ሁሉ፣ የአፍንጫዋን ቅርጽ እንኳ ሳይቀር ነገርኳቸው።

ከዚያ ከከተማ ሰዎች መጡና ድንጋዩ ወደ ሙዚየም ይሂድ አሉ። በመንደሩ ስብሰባ ላይ ታት ኒካኖር ተነሥተው ቆሙ። ከዚያ በፊት ሲናገሩ የሚስቅ አይጠፋም ነበር፤ ያን ቀን አንድም ሰው አልሳቀም። «አርባ አምስት ዓመት ከሌባ የደበቅናት ከቤቷ እንድትወጣ አይደለም። ጣራ እንሥራላት፣ ዘበኛ እናቁምላት» አሉ። ክርክሩ ሦስት ስብሰባ ፈጀ። ኦፌልያ ከእኛ ጋር ቆመች። በመጨረሻ ትቆይ ተባለ።

ጣራውን በዘንባባ ቅጠል የሠራነው በሰኔ ነው፤ ወንዙ ሞልቶ የመንገዱ ድንጋዮች ከውሃ በታች ተሰውረው ነበር። ቅጠሉን በሰባት ምልልስ ያጓጓዝኩት እኔ ነኝ። በሰባቱም ታት ኒካኖር ፊት ተቀምጠው፣ አዲስ የተቀጠሩትን ሁለት ዘበኞች ስለ ሌባ ዱካ ሲያስተምሩ፣ ሲቆጡና ሲሳደቡ ነበር።