ክብሩ የወደደው ከተማ

ክብሩ ማመስገን የማይሆንለት ሰው ነው። ደብረ ብርሃን ውስጥ ዕድሜውን ሙሉ ሲያስተምር አንድ ተማሪን እንኳ «ጎበዝ» ሲል የሰማው የለም። ሚስቱ ፅጌም ብትሆን፣ ዶሮ ወጧን በልቶ ሲጨርስ «ጨው አልበዛበትም» ካላት እንደ ሽልማት ቆጥራው ታድራለች። ስለዚህ ያን ቅዳሜ ጠዋት ሐዋሳ ላይ ከሆቴላቸው ወጥተው ጥቂት እንደተራመዱ ቆም ብሎ መንገዱን ግራና ቀኝ አየና «ያምራል» ሲል፣ ሰውዬውን አሞት ይሆን ብላ ግንባሩን ልትዳስሰው ምንም አልቀራት።

የመጡት፣ እሱ እንዳለው፣ ሐይቅ ለማየት ነው። ጡረታ በወጣ በወሩ «አገሬን ሳላይ አልሞትም» አለና ትኬት ቆርጦ መጣ። ሐይቅ ባሕር ዳርም ቢሾፍቱም እንዳለ ፅጌ ታውቃለች፤ ግን አፏን አልከፈተችም። ሐዋሳ ዳር፣ ቱላ የሚባለው ሰፈር፣ ልጃቸው ሩታ አለች። ከሁለት ዓመት በፊት ኩማ የሚባል የሲዳማ ልጅ፣ ያውም ጴንጤ፣ ላገባ ነው ስትል አባቷ «እንግዲያው ያለ እኔ አግቢ» አላት። አገባች። ክብሩ ሠርጉ ላይ አልተገኘም፤ ፅጌንም አልላካትም። ከዚያ ወዲህ እናት ልጇን የምታውቃት በስልክ ድምፅ ብቻ ነው።

ነገ በጠዋት ይመለሳሉ። ዛሬ ካላየቻት መቼ እንደምታያት እግዚአብሔር ይወቀው። ብትጠይቀው ደግሞ እምቢ ይላል፤ አንዴ እምቢ ካለ በበሬ ቢስቡት አይመለስም። ስለዚህ ዝም ብላ ከጎኑ ትሄዳለች፤ ባመሰገነ ቁጥር ግን በትንሹ ተስፋ ታደርጋለች።

እሱም ማመስገኑን አላቆመም። መንገዱ ሜዳ በመሆኑ ጉልበቱን አላመመውም። ዘንባባው ከአስፋልቱ መሃል ተሰልፎ ቆሟል፤ ሴቶች ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ብስክሌት ይነዳሉ። ከደብረ ብርሃን ብርድ ይዞት የመጣውን ካፖርት አውልቆ ክንዱ ላይ ጣለው። መንገድ የጠየቁት ጎልማሳ «በዚያ» ብሎ አልጠቆማቸውም፤ ሥራውን ትቶ ጉዱማሌ የሚባለው ሜዳ ድረስ አብሯቸው ሄደ። ሜዳውንና ትልልቆቹን ዛፎች እያሳየ፣ ሲዳማ ዘመን መለወጫውን ፍቼን እዚያ እንደሚያከብር ነገራቸው።

«የተጣላ ሰው ሳይታረቅ ወደ በዓሉ አይመጣም» አላቸው። «ሽማግሌ አስቀድሞ ያስታርቃል።»

ክብሩ ጉሮሮውን ጠረገና ስለ ዛፎቹ ዕድሜ ጠየቀ። ጎልማሳው ሲሰናበታቸው ግን «ሰዉ ጨዋ ነው» አለ፤ ፅጌ ሰማችው።

ሐይቁ ጋ ደረሱ። ውሃው ፀጥ ብሎ ከማዶው ተራራ ሥር ተኝቷል። ዳርዳሩን አባ ኮዳ የሚባሉት መላጣ ወፎች ክንፋቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ይንጎራደዳሉ።

«ጡረታ የወጣ ርዕሰ መምህር ይመስላሉ» አለና ሳቀ። ፅጌ የባሏን ሳቅ ከሰማች ሰንብታለች፤ ደስ አላት። ሩታ አብራቸው ብትኖር ምን ነበረበት?

ምሳ ሰዓት ላይ አሞራ ገደል ደረሱ። ዓሣ አጥማጆች ጀልባቸውን አስጠግተው ዓሣ ያወርዳሉ፤ ሴቶች እዚያው ገፍፈው ይጠብሳሉ። ደስታነሽ የምትባል ጠባሽ አግዳሚ ላይ አስቀምጣቸው ሾርባ ሰጠቻቸው። ክብሩ ቀመሰና «እንዲህ ያለ ሾርባ ጠጥቼ አላውቅም» አለ።

ፅጌ ከዚህ በላይ አልቻለችም።

«ክብሩ፣ ከጠዋት ጀምሮ መንገዱን አመሰገንክ፤ ዛፉን፣ ሐይቁን፣ አሁን ደግሞ ሾርባውን። ከሐዋሳ የጠላኸው አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱንም አይተኸው አታውቅም።»

ማንኪያውን አስቀመጠ። ይቆጣል ብላ ጠበቀች።

«ማን ጠላው አለሽ?» አለ ቀስ ብሎ። «የዚያን ሰሞን ተቆጥቼ ነበር። ቁጣው ሳይውል ሳያድር ወጣልኝ። መልሱ ግን አለፈ።»

ሠርግ ካለፈ በኋላ የሙሽራዪቱ ወላጆች ሙሽሮቹን ጠርተው ያበላሉ፤ መልስ ይባላል። በእነክብሩ ወግ መልስ ሳይጠራ ልጅ እናቷ ቤት አትመለስም፤ ወላጅም የልጁን ደጃፍ አይረግጥም።

«መልስ ያልጠራሁ አባት በየትኛው ፊቴ በሯን አንኳኳለሁ? እዚህ ድረስ መጣሁ፤ ከዚህ ወዲያ እግሬ እምቢ አለኝ። አፈርኩ፣ ፅጌ።»

ሁለት ዓመት ሙሉ ቁጣ የመሰላት እፍረት ኖሯል። በጥፊ ልትለውም ልትስመውም አማራት።

«እንግዲያው አሁን ጥራ።»

«የት?»

«እዚሁ።»

«በሰው አገር? በሰው ሳህን?»

«አገሬን ልይ ብለህ አይደል የመጣኸው?»

ክብሩ ተነሣና ካፖርቱን በዚያ ሙቀት ለበሰ፤ እስከ ላይ ቆለፈው። ደስታነሽን ጠርቶ ትልልቁን ዓሣ እንድትጠብስ፣ ጠረጴዛውንም ጥላው ሥር እንድታደርግለት ለመናት። «የሙሽሮች ነው» አላት።

ፅጌ የሩታን ቁጥር ልትደውል ስልኳን ስታወጣ ከለከላት።

«ለእሷ አይደለም። ለመልስ የሚጠራው ባልየው ነው። ቁጥሩን ከየት እናገኛለን?»

«አለኝ» አለች ፅጌ አንገቷን ደፍታ። «በየበዓሉ እየደወለ እንኳን አደረሰዎት ይለኛል።»

ቀና ብሎ አያት። ስልኩን ተቀበለ።

«ሃሎ። ክብሩ ነኝ፣ የሩታ አባት። ዘግይቻለሁ። መልስ ልጠራችሁ ነው የደወልኩት።»



«እሺ አባባ» አለ ኩማ። «መቼ እንምጣ?»

«አሁን።»

«ደብረ ብርሃን?»

«አሞራ ገደል ነኝ፣ ልጄ።»

እስኪመጡ ድረስ ቁጭ በል ብትለው እምቢ አለ፤ ጠሪ እንግዳውን ቆሞ ይቀበላል። አንዲት ባጃጅ መጥታ እንደቆመች አንድ ረጅም ወጣት ወረደና ጎንበስ ብሎ ጉልበቱን ሊስም ሲል፣ ክብሩ ትከሻውን ይዞ ቀና አደረገውና አገላብጦ ሳመው። ሩታ ግን ከባጃጇ አጠገብ አልተንቀሳቀሰችም።

«ሁለት ዓመት ጠበቅኩህ፣ አባዬ» አለች።

ክብሩ ወደ እሷ ሄደ። ፊቷ ሲደርስ ጎንበስ አለ። ሩታ መጀመሪያ የወደቀበት ነገር ያለ መሰላት፤ ወደ ጉልበቷ መሆኑ ሲገባት በሁለት እጇ አፈፍ አድርጋ ያዘችው።

«እንዳታደርገው» አለችው። «አባዬ፣ እባክህ እንዳታደርገው።»

«እንግዲያው ነይ ብዪ» አላትና እጇን ይዞ ወደ ጠረጴዛው አመጣት።

ፅጌ እልል ልትል አፏን ከፈተች፤ ለቅሶ ቀደማት። ደስታነሽ መጥበሻውን አስቀምጣ እልልታውን አቀለጠችላት።