ጫካ የገባው ሰዓት

«እማዬ፣ ለእሷ ብለሽ እስከ መቼ ነው የምትዋሺው?»

እናትና ልጅ የቆሙት ጥቅጥቅ ባለ ጫካ ውስጥ ነበር። የእናትን ቀሚስ እሾህ ይዞታል፤ ታናሽ ልጇ ደግሞ የአንድ ትልቅ ዛፍ ሥር በጣቷ ቆፍራ ስትጨርስ ባዶ እጇን ዘርግታ ታሳያታለች።

የሁለቱ ልጆቿ ጠብ የመጣው አባትየው ሲሞት ነው። የእጅ ሰዓቱን ለታናሺቱ ተናዞላት ነበር፤ ታላቂቱ ግን ቀድማ ወሰደችው። ሦስቱም በአንድ ክፍል የተማሪ ዩኒፎርም ይሰፋሉ። ከዚያ ወዲህ እህትማማቾቹ መቀስ እንኳ የሚቀባበሉት በእናታቸው እጅ ሆነ። እናት «ሆድ ዥጉርጉር ነው» እያለች በመካከላቸው ተመላለሰች። ለአንዷ «እህትሽ ይቅርታ ብላሻለች» ትላለች፣ ለሌላዋ «ናፍቃሻለች»። ማንም ያላለውን። ውሎ አድሮ ሁለቱም ነቁባት።

ታናሺቱ ሩቅ ከተማ ሥራ አግኝታ ሻንጣዋን ስታሰናዳ ታላቂቱ ተረታች። ሰዓቱን በእጇ እንድትሰጣት ግን ኩራቷ አልፈቀደላትም። በደጉ ጊዜ አንድ ጨዋታ ነበራቸው፤ አንዷ ጫካ ውስጥ ሳጥን ደብቃ ቦታውን በስልክ ትልካለች፣ ሌላዋ ስልኩ እየመራት ሄዳ ታገኘዋለች። አሁንም ሰዓቱን በቆርቆሮ ሳጥን ከታ፣ እናቷን አስከትላ፣ ከመንገዱ ወጥታ ዛፉ ሥር ቀበረችውና ቦታውን ለእህቷ ላከች።

«ታግኘውና ከመሄድ ትቅር» አለች። «እኔ እንደሆነ አፍ የለኝም።»

ታላቂቱ ፊቷን ስታዞር እናት አፈሩን ዳሰሰችው፤ ረጥቧል። ሰዓቱ ቢዝግስ? አንጀቷ አልችል አለና ሳጥኑን አውጥታ፣ እልፍ ብሎ ካለ ደረቅ ግንድ ሽንቁር ውስጥ ወሸቀችው። ከታናሺቱ ጋር መጥቼ አሳያታለሁ ብላ።

አሁን ግን ዛፉ ሁሉ አንድ መልክ ሆነባት፤ ግንዱን አጣችው።

«እኔ ነኝ ያነሳሁት፣ የኔ እናት። እርጥበት እንዳይገባው ብዬ።»

«አዎ፤ ይቅርታም ብላኛለች፣ ናፍቄያታለሁም።»

«በአባትሽ አጥንት!»

«አባቴን ተይው! እሷ በእሾህ ታንከራትተኝና ቤቷ ቁጭ ብላ ትስቃለች፤ አንቺ ደግሞ ትሸፍኚላታለሽ።»

እናት ከግንድ ግንድ ሮጠች፣ ሽንቁር ባየች ቁጥር እጇን ሰደደች። ቀና ስትል ልጅቷ ወደ መንገዱ ወርዳለች።

ሻንጣው በማግስቱ ከቤት ወጣ። ታላቂቱ ከስፌት መኪናዋ ቀና አላለችም። ለእህቷ ቃል አልወጣትም። የሆነውን ለነገረቻት እናቷ ግን ወጣት፦

«ማን ንኪ አለሽ?»

እናት ጫካውን ስትመላለስበት ሰንብታ ሳጥኑን አገኘችው። ሰዓቱን ጠብታ ውሃ አልነካውም። ያንኑ ቀን ደወለች። ታናሺቱ እስከ መጨረሻ ሰማቻትና «እንግዲያው ለእሷ ስጫት» ብላ ዘጋችው።

ታናሺቱ ሄደች። ታላቂቱ ቀረች፤ ሰዓቱም እሷ ጋ ቀረ።