ጦር ይቀድማል ወይስ ጩቤ?

ትራፊክ ፖሊሷ ካገባች ገና ብዙም አልቆየችም። ሳምንቱን ሙሉ መስቀለኛ መንገድ ላይ ቆማ ሾፌሮችን ስትገላግል ትውላለች፤ እሁድ ከሰዓት ግን ሳሎን ቁጭ ብላ ስለ ዋሻና ስለ ዘንዶ ታወራለች። ጨዋታው እንዲህ ነው፤ እሷ ታሪኩን ትመራለች፣ የተቀሩት ጠረጴዛውን ከበው የየራሳቸውን ጀግና ይሆናሉ፣ የሰነዘሩት ምት ይግባ ወይ ይሳት የሚወስነው የሚወረወረው ባለ ሃያ ገጽ ዳይስ ነው። ባሏን ያስለመደችው በእጮኝነታቸው ጊዜ ነበር። ልብስ ሰፊዋ አማቷ "እስቲ እኔም ልሞክረው" ብለው ወንበር የሳቡ ዕለት ግን ክው አለች። ቀልድ አያውቁም የሚባሉ ሴት ናቸው።

ለራሳቸው የመረጡት ጦር የታጠቀች ግዙፍ ተዋጊ ነው። ልጃቸው ደግሞ ባለ ጩቤ ሌባ ነው። እናትና ልጅ ተጋግዘው ዋሻውን ሲያምሱት ቆዩና፣ አንድ እሁድ በታሪኩ ውስጥ ያለች አንዲት ጠንቋይ ሌባው ላይ ድግምት ጣለችበት። ወዳጁን ሁሉ ጠላት አድርጎ ማየት ጀመረ፤ ጩቤውን መዞ በቀጥታ ወደ እናቱ ተዋጊ ሮጠ።

"እኔ እቀድማለሁ፤" አለ ባልየው የደንቡን መጽሐፍ ገልጦ። "ይኸው፤ 'ቀላል መሣሪያ ከከባድ ይፈጥናል፤ ፈጣኑ ቀድሞ ይመታል።' ጩቤ ቀላል፣ ጦር ከባድ። አለቀ።"

"ምኑ ነው ያለቀው?" አሉ እናቱ፣ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አውርደው። "አንተ እኔ ጋ እስክትደርስ ጦሬ ሆድህ ላይ ነው። ወይስ ጩቤህ ክንፍ አውጥቷል?"

"እማዬ፣ እኔ አይደለሁም፣ መጽሐፉ ነው ያለው!"

"መጽሐፉ ጦር ይዞ ያውቃል?"

ሁለቱም እንድትፈርድ ዞረው እሷን አዩ። ለባሏ ብትፈርድ አማቷን ልታስቀይም ነው፤ ለአማቷ ብትፈርድ ባሏ "ፈርተሽ ነው" እያለ ሊነዘንዛት ነው። ሁለት መኪና ተጋጭቶ ሾፌሮቹ "ጥፋቱ ያንተ ነው" ሲባባሉ ግን በወሬ ፈርዳ አታውቅም፤ ቦታው ድረስ ሄዳ ነው የምታየው።

"ተነሱ፤" አለች። "እማማ፣ እርስዎ መወልወያውን ይያዙ። አንተ ከወጥ ቤት ጭልፋ አምጣ።"

ኮሪደሩ ውስጥ ፊት ለፊት አቆመቻቸውና እጇን እንደ ሥራዋ ልማድ ወደ ላይ አንስታ አወረደች። ባልየው ጭልፋውን ወድሮ ተንደረደረ። እናቱ ከቆሙበት ሳይነቃነቁ የመወልወያውን እጀታ ቀሰሩ፤ ሆዱ ሄዶ ተሰካበት። "እህ!" ብሎ ተጣጠፈ።

"ፈጣኑ የታለ?" አሉ።

"ይደገም!"

በሁለተኛው ዙር ብልጥ ሆነ። እጀታውን በግራ እጁ ገፋ አድርጎ በጎን ሾለከ። እናቱ መወልወያውን ወደ ኋላ ሊስቡት ሲሉ ጫፉ ግድግዳው ላይ ተቀረቀረ፤ ጭልፋው ትከሻቸውን ቸብ ቸብ አደረጋቸው። "ቆይ! ቆይ አንተ ልጅ፣ ግድግዳው ይዞኝ እኮ ነው!" እያሉ ሳቁ፤ እንባቸው እስኪፈስ፣ በሩን ተደግፈው ሳቁ። እሷም አልቻለችም፣ መሬት ላይ ዘፍ አለች።

"ፍርዱ ይኸው፤" አለች ትንፋሿ ሲመለስ። "መጀመሪያ ሲገናኙ ረጅሙ ይቀድማል። ተጠጋግተው ከተያያዙ በኋላ ግን መጽሐፉ እንዳለው ቀላሉ ይፈጥናል። ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። አሁን ገና መገናኘታችሁ ስለሆነ እማማ ይጀምራሉ።"

"አዳላሽ!" አለ ባሏ፤ ሆዱን እያሸ ስለነበር ግን ሙግቱ ጉልበት አጣ።

አማቷ ዳይሱን በሁለት መዳፋቸው አሽተው ወረወሩት። ሃያ! ከዚያ በላይ ምት የለም። ሌባው በጀርባው ተዘረረ፣ ድግምቱም ከላዩ በነነ። ቤቱ በጩኸት ተናጋ። እናትየው ሲያጨበጭቡ ቆዩና ድንገት ፊታቸው ተለወጠ።

"ውይ፣ ሞተ እንዴ?"

"አልሞተም፣ ቆስሏል። ሐኪሙ ያለው ከተራራው ማዶ ነው።"

"እሸከመዋለኋ!"

"እማማ፣ ሰው ከተሸከሙ ፍጥነትዎ በግማሽ ይቀንሳል። ከኋላ ደግሞ ጠንቋይዋ እየመጣች ነው።"

"ይቀንስ! እሱን ተሸክሜ መች ፈጥኜ አውቃለሁ? ሕፃን ሆኖም ድንጋይ ነበር። ይልቅ ንገሪኝ ልጄ፣ መንገዱ በየት በኩል ነው?"

ባልየው ወንበሩ ላይ እንደ ቁስለኛ ተንጋሎ፣ "ቀስ እያልሽ እማዬ፣ አታናውጪኝ፤" ሲል አቃሰተ።