የአብዶ ጣራ

ሲራጅ አብዶ ጅጌ ጠራ። በጨፋ ሸለቆ ይህ ወሬ አይባልም። ማሽላ ሲታጨድ ጅጌ ይጠራል፣ ቤት ሲቆምም ይጠራል። የጠራ ያበላል፣ የተጠራ ይመጣል፣ ሥራው ሲያልቅ ዱአ ይደረጋል፣ ሁሉም ወደየቤቱ ይገባል። ሲራጅ ግን ቤት ለቤት ዞሮ በገዛ አፉ ከጠራ በኋላ ይመጡ እንደሆነ እርግጠኛ አልነበረም። የገበሬ ማህበሩ ሊቀመንበር ነው። ከመከር ወዲህ እነዚያኑ ሰዎች ሲያዝ እንጂ ሲጠራ አልከረመም።

ዘመኑ ገበሬ ሁሉ ከየኮረብታው ተነቅሎ ሜዳ ላይ በመስመር ይስፈር የተባለበት ዘመን ነው። ውሃ ይገባላችኋል፣ ትምህርት ቤት ይከፈትላችኋል፣ ክሊኒክ ይሠራላችኋል ተባለ። ውሃውና ክሊኒኩ መንገድ ላይ ቀሩ፤ መስመሩ ብቻ በጊዜ ደረሰ። የሰው ቤት እንደ ወታደር ካልተሰለፈ ሰው አይሆንም ያለ ማን እንደሆነ እስከዛሬ የነገረን የለም። ከከሚሴ የመጣው ካድሬ ግን ያመነበት ይመስላል። በግራር ጥላ ሥር ቆሞ፣ «የሁሉም ቤት ስፋት አንድ ይሁን። አድልዎ የለም። ሊቀመንበር፣ መለኪያ ገመድ አምጣ» አለ።

ሲራጅ ገመዱን አመጣ። አገር ያቆሰለውም ያ ገመድ ነው።

ገመዱን የለካው በገዛ አባቱ ቤት ነበር። አብዶ በሕይወት ሳለ ከኮረብታው ጥድ እያወረደ ያቆመው ቤት ነው፤ ወጋግራው ከጭስ ብዛት ጠቁሮ እንደ ቀንድ የጠነከረ፣ ምስጥ የማይደፍረው። ሲራጅ የሚወደው ነገር ቢቆጠር ከልጆቹ ቀጥሎ ያ ጣራ ይመጣል። የአዲሱ መንደር ግድግዳ ሁሉ በአብዶ ቤት ልክ ከተሠራ የአብዶ ጣራ ሳይፈርስ፣ ሳይቆረጥ፣ እንዳለ ተነስቶ ይቀመጣል። የሌላው ሰው ጣራ ከዚያ ቢሰፋም ቢጠብም የሌላው ሰው ጉዳይ ነው። ይህን ጮክ ብሎ አላሰበውም። ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ጮክ ብሎ አያስብም።

ገመዱ መሬት ላይ በተዘረጋ ጊዜ ግን ያላወቀ አልነበረም። በአብዶ ቤት ዱአ ያልተቀመጠ ማን አለ? ያም ሆኖ አንድም ሰው አልተናገረም። ይህ የእኛ በሽታ ነው። ስንበደል ዝም እንላለን፣ ዝምታችንንም ጨዋነት ብለን ስም እናወጣለታለን።

የተናገረችው ዘሊካ ብቻ ነበረች። ባሏን ወባ የወሰደባት፣ ሁለት ልጆች የምታሳድግ ሴት ናት። የእሷ ጣራ ሰፊ ነበር።

«ሲራጅ፣ ግድግዳዬን በጣራዬ ልክ ልሥራ። ጣራው ያረጀ ነው፤ ከቆረጣችሁት አይተርፍም።»

«ገመዱ አንድ ነው ዘሊካ። ለአንቺ ብዬ ሌላ ገመድ አላመጣም።»

«ለራስህ ብለህ ግን አመጣህ።»

ካድሬው አጠገባቸው ነበር። ሲራጅ ተቆጥቶ ሙሳን ጠራና በዚያው ቀን የዘሊካ ጣራ ይውረድ አለ። ሙሳ የማህበሩ ጠመንጃ የተሰጠው ጥበቃ ነው፤ እጁ ለሥራ ሳይሆን ለትእዛዝ የፈጠነ። ሰዉ ጅጌ ይጠራ ሲል ካድሬው ድግስ የሥራ ሰዓት ይበላል ብሎ ከለከለ። ሰዎቹ በግዳጅ መጡ፣ በግዳጅ አወረዱ። ወጋግራው እንደ ደረቅ አገዳ ተሰበረ። ከዚያ ወዲያ ዘሊካና ልጆቿ በአዲሱ መንደር፣ ባዶ ግድግዳ ላይ የማሽላ አገዳ ደግፈው ይኖራሉ። የበልግ ደመና ደግሞ ከበስተ ምሥራቅ መቋጠር ጀምሯል።

ካድሬው ለሌላ ቀበሌ ሲሄድ ሲራጅ የራሱን ቤት ማንሻ ቀን ቆረጠ። ማዘዝ ይችል ነበር። ሚስቱ ዓዲላም ይህንኑ አለችው።

«እዘዛቸው። የዘሊካን ሲያፈርሱ አዘህ የለ?»

«የአባቴ ጣራ በግዳጅ አይነሳም።»

«የእሷስ ባል ጣራ?»

ሲራጅ በግ ጎትቶ ወደ ጓሮ ሄደ።

ጠዋት በሩ ላይ ቆሞ መንገዱን አየ። ማንም የለም። በጉ ታርዷል፣ እንጀራው ተጋግሯል፣ የገብስ መጠጡ ቀሪቦም በጋን ሞልቷል። ጎረቤቶቹ ካልመጡ ከእንግዲህ እዚህ ምድር ላይ የማህበር ማኅተም የያዘ ባዕድ ነው፤ ይህን ያውቀዋል። ፀሐይ የቦርከና ወንዝን ጉም ስትገፋው ከታች አንድ ሰው ታየ። አያ ሙሀመድኑር ናቸው፤ ሽማግሌ፣ የጅጌ መሪ፣ አብዶ ያንን ጣራ ሲሠራ አብረው የሰቀሉ። ከኋላቸው ሌላ፣ ከዚያም ሌላ መጣ። መንደሩ ሁሉ መጣ።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ጓድ ሊቀመንበር» አሉ አያ ሙሀመድኑር።

«ወአለይኩም ሰላም። ኧረ አያ፣ ዛሬስ ሲራጅ በሉኝ።»

«ቆይ እንጂ አቦ። ቀኑ ገና ነው።»

ሳቁ። ሲራጅም ሳቀ።

የላይኛውን ሳር አቀለሉ፣ ከውስጥ አግዳሚ እንጨት አሠሩ፣ ምሰሶውን ነቀሉ። ከዚያ ትከሻቸውን አስገብተው በአንድ ድምፅ «ቢስሚላህ» አሉና አነሱት። በጅጌ ደንብ ባለቤት አይሸከምም፤ ፊት ፊት እየሄደ እሾህና ድንጋይ ያነሳል። ሲራጅ ፊት ሆነ። ጥቁሩ ጣራ ከኋላው እንደ ትልቅ ኤሊ በብዙ እግር ይሄዳል።

ትንሽ እንደሄዱ ነው የጎደለውን ያወቀ። አይዘፍኑም። የጅጌ ጣራ ያለ ዘፈን ሄዶ አያውቅም፤ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፣ ባለቤቱ ይሞገሳል፣ ይሰደባል። የአሁኑ ግን የእግር ኮቴና የትንፋሽ ድምፅ ብቻ ነው።

«አያ፣ ዘፈን የለም እንዴ?»

«ጣራው ከባድ ነው። ትንፋሽ እንቆጥብ።»

ሜዳው ላይ ደረሱ። የሲራጅ ግድግዳ በመጀመሪያው ረድፍ ጫፍ ላይ፣ አጠገቡ ምሰሶ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ሲራጅ ደርሶ ቆመና እጁን ዘርግቶ አመለከተ። ጣራው አልቆመም። አልፎት ሄደ። ተሳሳቱ ብሎ ሊጣራ አፉን ከፈተ፤ አያ ሙሀመድኑር ወደ ኋላ ዞረው አላዩትም። ጣራው ረድፉን ጨርሶ ወደ ሁለተኛው ታጠፈ፣ የማሽላ አገዳ የተደገፈበት ግድግዳ ጋ ቆመ። ዘሊካ ልጆቿን ይዛ ወጣች። አገዳውን ገፈፉት፤ በአንድ ቃል ከፍ አደረጉና አስቀመጡት።

ልክ ሆነ። እንዴት ልክ አይሆንም? ሁሉም ቤት በአብዶ ቤት ልክ ነው የተሠራው። ገመዱ አንድ ነው።

ሙሳ እየሮጠ መጣ፤ ጠመንጃው ትከሻው ላይ ይዘላል። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ላስወርደው?»

አያ ሙሀመድኑር ላባቸውን ጠረጉና መዳፋቸውን ለዱአ ዘረጉ። ሕዝቡ ተከተላቸው። ዱአ ከተደረገበት በኋላ ጣራ አይወርድም፤ ይህን ሲራጅ ያውቃል፣ ሙሳም ያውቃል። ባለቤቱ «አሚን» ካላለ ግን ዱአው አይያዝም። አሁን «አውርድ» የሚል አንድ ቃል ብቻ ይበቃል። ማህበሩ ከእሱ ጋር ነው፣ ከሚሴ ከእሱ ጋር ናት፣ ጠመንጃው ከእሱ ጋር ነው። ከሰዓት በፊት ጣራው ወደ ሲራጅ ግድግዳ ይመለሳል።

ሽማግሌው መጀመሪያ ለአብዶ ነፍስ ለመኑ። ቀጥለው ለቤቱ ለመኑ፤ ዝናብ እንዳያስገባው፣ እሳት እንዳይነካው፣ ልጆች እንዲያድጉበት። የማን ልጆች እንደሆኑ አልተናገሩም።

ሲራጅ ቀና አለ። የአባቱ ወጋግራ በሰው ግድግዳ ላይ ተቀምጦ ጭስ ጭስ ይሸታል። በልቡ ተሳደበ። ሽማግሌውን፣ ካድሬውን፣ ያንን የተረገመ ገመድ ሰደበ፤ በመጨረሻ የሚሰድበው ሰው አጣና ራሱ ላይ ደረሰ። እዚያ ቆመ። ሙሳ አሁንም ፊቱን ያየዋል።

«ጠመንጃህን አስቀምጥና እጅህን ዘርጋ» አለው። ከዚያ «አሚን» አለ።

«አሚን» አለ ሕዝቡ። ገና ከአፋቸው ሳይወጣ ከኋላ አንዱ ዘፈኑን አወጣ፤ ስድቡ ሁሉ ለሲራጅ ነበር፣ ስስታም፣ ገመድ ጎታች፣ አፉ ከከሚሴ የተላከ። ተቀባዩ ሜዳውን አናወጠው። ከጠዋት ጀምሮ ያፈኑትን ትንፋሽ አወጡት።

ዓዲላ እንጀራውን አሸክማ ደረሰች። የራሳቸውን ባዶ ግድግዳ አየች፣ ዘፈኑን ሰማች፣ ባሏ ፊት ቆመች።

«ምግቡ የት ይግባ?»

«ጅጌው ያለበት።»

ዓዲላ ወደ ዘሊካ ደጅ አለፈች። ሁሉም ገብቶ ተቀመጠ፤ ሲራጅ ከውጭ ቀረ። ቀሪቦ ይቀዳ እንደሆነ፣ ሥጋ ይቁረጥ እንደሆነ፣ ሥራ እየፈለገ ይዞራል። ዘሊካ ከበሩ ብቅ አለች።

«ሲራጅ፣ ግባ እንጂ። እንግዳ ደጅ አይቆምም።»

ጎንበስ ብሎ ገባ። እዚያ ጣራ ሥር ተወልዷል፤ እንግዳ ሆኖበት ግን አያውቅም ነበር። አያ ሙሀመድኑር አጠገባቸው ቦታ ለቀቁለት።

«የአንተስ ግድግዳ? ዝናቡ ይኸው መጣ» አሉ እየጎረሱ።

«እንጨት ፈልጌ አመጣለሁ። ከዚያ ጅጌ እጠራለሁ።»

«ጥራ።»

«ትመጣላችሁ?»

ሽማግሌው አኘኩ፤ አልቸኮሉም። ወደ ጥቁሩ ወጋግራ ቀና ብለው አዩ።

«ጠርተህ እይ፣ ሲራጅ» አሉ።